የመምህር ናም ውሃ ቀጂ

ሳዎል በመምህር ናም ቤት ባሪያ ሆና ተወልዳ እዚያው ያረጀች ውሃ ቀጂ ናት። መምህሩ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ርኅራኄ ከልብ ሕግ ይመነጫል ወይስ ከሥጋ እስትንፋስ በሚል ጥያቄ፣ ደቡብ ካለ ወዳጃቸው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ሊቅ መቼ ሥራ ይፈታል!

በየጸደዩ አዲስ ተማሪ ሲገባ ትምህርቱ በአንድ ምሳሌ ይጀመራል። "ሕፃን እየዳኸ ጉድጓድ አፍ ቢደርስ፣ ያየ ሁሉ ልቡ ድንግጥ ይላል። ይህ ድንጋጤ ከየት መጣ?" ይላሉ መምህሩ። ሳዎል እንስራዋን ተሸክማ ስታልፍ አንዱ ቀልደኛ ተማሪ ይጠራታል።

"ሳዎል፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ከልብ ነው ከሥጋ?"

"እኔ ምን አውቄ ጌታው! የማውቀው ውሃው ከጉድጓድ መሆኑን ነው።"

ይስቃሉ። እሷም የሆዷን በሆዷ ይዛ ትስቃለች።

የሦስት ዓመት ልጇ ጆምሱን የሞተችው እዚያው ጓሮ ጉድጓድ ገብታ ነው። ቀኑ የመኸር በዓል ጠዋት ነበር። ሳዎል መምህሩ ለአባቶች መንፈስ የሚያቀርቡትን ሩዝ ይዛ ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ ከጓሮ "እማ!" የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎም ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማች። ሥርዓቱ ሳያልቅ ማንም አይነቃነቅም፤ ባሪያማ ጭራሽ። የመጨረሻው ስግደት እስኪያበቃ ቆመች። ስትደርስ ውሃው ረግቷል። ከስምንት ዓመት በታች ለሞተ ልጅ ሐዘን አይቀመጡምና፣ እሪ እንዳትል አፏን ያዟት። የመምህሩ የመጀመሪያ ደብዳቤም የተጻፈው በዚያው ዓመት ነው። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ያን ድምፅ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጄን የገደልኳት እኔው ነኝ እያለች ኖረች።

መምህሩ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ውሃ ይዛላቸው ገባች። ሌላውን ሰው አስወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ሳዎል፣ ያን ዕለት ሰምተሽ ነበር?"

"ሰምቻለሁ ጌታዬ።"

"እኔም።"

ጣሳውን አስቀመጠች። "ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"አንቺ ብትሮጪ ኖሮ ሥርዓቱን አቆመው ነበር እያልኩ ኖርኩ።"

"እኔ ደግሞ የእርስዎን አፍ ነበር የማየው ጌታዬ።"

መምህሩ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለቀብሩ የቤቱ ባሪያ ሁሉ "አይጎ! አይጎ!" እያለ የለቅሶ ጩኸት እንዲጮህ ታዘዘ። ሳዎል መጀመሪያ ድምፅ አልወጣ አላት። ኋላ ሲወጣላት ግን ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ተንከባለለች።

"እዩልኝ፣ ታማኝ ማለት ይቺ ናት፤ ለጌታዋ እንዲህ ታለቅሳለች!" አለ የመምህሩ የበኩር ልጅ ለእንግዶቹ።

በሆዷ የምትጠራው ጆምሱንን ነበር። ይህን ጊዜ አፏን የሚይዛት አልነበረም።