ሁለተኛው ሌንስ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ንፋስ መውጫ ላይ ስትዳር፣ ከደብረ ታቦር የመጣው ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን ከባሕር ዛፎቹ ሥር አቁሞ፣ እኛን ዘመዶቹን በእጁ ወደ ኋላ እየመለሰ ትልቁን ካሜራውን ወደ ዓይኑ አነሳ። ቻክ፣ ቻክ አለ። በዚያች ሰዓት ስልኩን ያልደገነ ሰው አልነበረም፤ ስልክ ግን እንዲህ ዓይነት ድምፅ የለውም። እኔ ያንን ድምፅ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። የያዝኩትን ጠላ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

“ምነው ፈዘዝክ?” አለችኝ ባለቤቴ።

“ካሜራ የገዛሁበት ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው።”

እሷ ታሪኩን ስለምታውቀው ፈገግ አለች። ለማያውቀው ግን ልንገር።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከማስተምርበት ኮሌጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ተልኬ ደቡብ ህንድ ውስጥ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ከተማ እኖር ነበር። የጋይንት ብርድ ያሳደገው ሰው ለዚያ ሙቀት አልተፈጠረም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ይውላል። ክረምታቸው ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ እንደኛ አገር ቀስ ብሎ አጉረምርሞ አይደለም፤ ድንገት ይገለበጣል፣ መንገዱም ወዲያው ወንዝ ይሆናል። ከምግባቸው የወደድኩት ዶሳ የሚሉትን ከቦካ ሩዝ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። ኮምጠጥ ስለሚል አገሬ ደጃፍ ድረስ አድርሶ ይመልሰኝ ነበር።

አብሮኝ የሚኖረው ሙላት የእስቴ ልጅ ነው። እኔ ከታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አለፍ ብሎ ካለ መንደር ስለሆንኩ፣ “በእኔና በአንተ መካከል ያለችው ስማዳ ብቻ ናት” እያለ ከመጀመሪያው ቀን ዘመድ አድርጎኝ ነበር። ከቤቱ የመጣለትን በርበሬ በማንኪያ እየለካ ይሠራልን የነበረውን የምስር ወጥ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ካሜራ መግዛት ያማረኝ በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ የሞተው እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድም ፎቶ አልነበረውም። ለመታወቂያ የተነሳት ትንሽ ጉርድ ፎቶ እንኳ የት እንደገባች አልታወቀችም። ህንድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፊቱን ላስታውስ ብሞክር እምቢ አለኝ። ድምፁ አለ፣ የካፖርቱ ሽታ አለ፣ ጅራፍ ሲያጮኽ ትከሻው የሚነሳበት ሁኔታ አለ፤ ፊቱ ግን የለም። ደነገጥኩ። እናቴንም እንዲሁ አጥቻት ከመቅረቴ በፊት በደንብ አድርጌ አነሳታለሁ አልኩ። ያን ጊዜ የስልክ ካሜራ ሰውን ከጥላው አይለይም ነበር፤ ስለዚህ ሌንሱ የሚፈታውን፣ ትልቁን ዲጂታል ካሜራ ተመኘሁ።

በአሮጌው ገበያ ውስጥ አንድ ካሜራ ቤት ነበር። ባለቤቱ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ሳልገዛ ስወጣ አይቆጡኝም፤ እንዲያውም ሻይ ያስቀርቡልኛል። በሦስተኛው ቅዳሜ ሙላትን ይዤው ሄድኩ። ካሜራውን ከነትንሹ ሌንሱ መረጥኩ። የቀረው ሁለተኛው ሌንስ ነበር።

ሙላት ገና ሲገባ ዓይኑ ያረፈው በረጅሙ ዙም ላይ ነው። “ይኼን ግዛ” አለኝ። “ከጉና ጫፍ ላይ ሆነህ የእኛን ቤት ታነሳበታለህ።”

እኔም ልቤ እዚያው ነበር፤ አንስቼ ያዝኩት። ሽማግሌው ግን ሌንሱን ከእጄ ሳይቀበሉ ጠየቁኝ፤

“ምን ልታነሳበት ነው?”

“አገሬን። ተራራውን፣ ገደሉን፣ ገበያውን።”

“ለተራራ ትንሹ ይበቃሃል። ከሰውስ ማንን ነው የምታነሳው?”

“እናቴን።”

ረጅሙን ሌንስ ወሰዱና መልሰው ሰቀሉት። ከመሳቢያ ውስጥ አጠር ያለ፣ ከበድ የሚል፣ ቀለሙ ጫፍ ጫፉ ላይ የተላጠ አሮጌ ሌንስ አወጡ። ቀደም ሲል የነበረው ባለቤት አበባና ነፍሳት ያነሳበት እንደነበር ነገሩኝ። ካሜራው ላይ ገጠሙትና የገዛ መዳፋቸውን አነሱ። በካሜራው መስኮት ላይ ያየሁት እጅ አይመስልም፤ ፈሩ የሚታይ የታረሰ ማሳ ነበር።

“ፊት ስታነሳ ዓይኑ ላይ አነጣጥር” አሉኝ። “ካነሳህ በኋላ ደግሞ አጉልተህ እየው። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ የማይታይ ከሆነ ድገመው።”

ገዛሁት። ዝናብ ስለነበር ካሜራውን ሸሚዜ ውስጥ ሸጉጬ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፌው ተመለስን። ደስታው ግን ቤት እስክንደርስ እንኳ አልቆየም። እናቴ የምትኖረው በሳር ክዳን ቤት ነበር። ከሚሰጠኝ የተማሪ ገንዘብ ላይ ስቆጥብ የኖርኩት ለዚያ ቤት ቆርቆሮ ነው ብዬ ነበር። አሁን ያንን ቆርቆሮ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምዞር መሰለኝ። ሙላትም ነገሩ ገብቶት ኖሮ ወደ ቤት ስንገባ፣ “ቆርቆሮ የትም አይሄድም፤ ተመልሰህ ደሞዝ ትበላ የለ?” አለኝ። አላጽናናኝም።

ትምህርቴን ጨርሼ አገሬ የገባሁት በታኅሣሥ ነው። ከንፋስ መውጫ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሬ አርብ ገበያ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሮ፣ ከየአውድማው የበሬ ነጂዎች ዜማ ይሰማል። የብርዱ ጥራት አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ጭድ ጭድ የሚለውን አየር ስስብ ለሁለት ዓመት ትንፋሼን ይዤ የኖርኩ መሰለኝ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። ስጠጋት ዝም ብላ ቆመች፤ ተናግሬ ድምፄን ስትሰማ ነው የሮጠችው። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ በጣም ተጠግታ አየችኝ፤ አፍንጫችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። እንባዋ ይወርዳል። እኔ ናፍቆት ነው አልኩ። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ማውረዷንም አየሁ፤ እሱንም ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ላነሳት ነው ስላት ሳቀች። “አሮጊት አንስተህ ምን ታደርጋለህ?” አለችኝ። ግን ገብታ ጥልፍ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሻሿን አዲስ አሰረች። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ስንዱ፣ ከአውድማው አጥር አጠገብ በርጩማ አስቀመጠችላት። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው። አሮጌውን ሌንስ ገጠምኩና ተጠጋሁ። እናቴ ብርሃኑን መቋቋም አቅቷት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ እንደገና ትገልጣለች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። ለመናገር የማፍርበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ያን እንባ ፀሐይ ስታበራው አይቼ ምን ያምራል ብዬ አነሳሁት።

ከዚያ ሽማግሌው እንዳሉኝ ጥላ ውስጥ ገብቼ ፎቶውን ከካሜራው ጀርባ ላይ አጎላሁት። ሽፋሽፍቷን ልቆጥር ነው። የላይኛውን ፈለግኩ፤ ቦታው ላይ የለም። ጥራት አንሶት ይሆናል ብዬ ጨምሬ አጎላሁ። ጥራቱ ምንም አልጎደለውም። ሽፋሽፍቷ ያለው በውስጥ በኩል ነበር። ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ አጫጭሩ እንደ ታጨደ ማሳ ቆረቆንዳ ቆሞ፣ ረጅሙ ተኝቶ፣ ዓይኗን ራሱን ይፍቀዋል። ጥቁሩ ዓይን ዳር ላይ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ነገር ጀምሯል።

እትዬ ስንዱን ጠርቼ አሳየኋት። አልደነገጠችም። አንገቷን አቀረቀረች።

“ሦስት ዓመቷ ነው” አለችኝ። “በወረንጦ እየነቀለች ነው የምትውለው። ለእሱ ከነገርሽው ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል ብላ አስምላኛለች።”

ሦስት ዓመት፤ ህንድ ከመሄዴ አንድ ዓመት ቀድሞ ጀምሮ። በየሁለት ሳምንቱ እደውል ነበር። “ደህና ነሽ?” እላለሁ፣ “ደህና ነኝ” ትላለች። ስለ ዓይኗ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ትራኮማ በእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በሽታው የዓይን ቆቡን ከውስጥ እያጠበበ ሽፋሽፍቱን ወደ ዓይን ይገለብጠዋል። እንደሚያሳውርም፣ ጤና ጣቢያ በትንሽ ቀዶ ሕክምና እንደሚስተካከልም ሁላችንም እናውቃለን። እናቴም ታውቃለች። ግን ጎረቤቷ ተሠርቶላት መልሶ ስለበቀለባት ፈርታለች። የምትነቅለውም የሚሰማትን ብቻ ነው፤ ተሰብሮ የሚቀረው ጉቶ ከረጅሙ ይልቅ ይጎዳት እንደነበር አታውቅም።

ብዙ ንግግር አላስፈለገኝም። ካሜራውን ወስጄ ከፊቷ ያዝኩላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በአንድ ዓይኗ፣ በጣም ተጠግታ ተመለከተች።

“ይኼ የማን ዓይን ነው?”

“ያንቺ ነው እማ።”

ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ጉቶዎቹን መቁጠር ጀመረች፤ ሰባት ላይ ተወችው።

“ትናንት ነቅዬ የጨረስኩ መስሎኝ” አለች። ቆይታ ደግሞ፣ “እህሉ ገብቶ ይለቅና እንሄዳለን።”

“እህሉን እኔ አስገባዋለሁ” አለች እትዬ ስንዱ። “ነገ ሂዱ።”

በማግስቱ ንፋስ መውጫ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የዓይን ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ እናቴን “እማማ” እያለች፣ በትንሽ ባትሪ እያበራች ለረጅም ጊዜ አየቻት። እኔ የማየው የባለሙያዋን ፊት ነው። በመጨረሻ ባትሪውን አጠፋችና፣ “ጠባሳው ጀምሯል፤ ግን ብሌኑ ጋ አልደረሰም” አለችኝ። “እማማ፣ በጊዜ ነው የመጡት። ከእንግዲህ ግን ወረንጦውን ለእኔ ይስጡኝ።” እናቴ ከአንገቷ ክር ላይ ፈትታ ሰጠቻት።

የሁለቱንም ዓይን ቆብ ሠሩላት። ደጅ ተቀምጬ ስጠብቅ የነበረው አንድ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ተሸፍኖላት ስትወጣ እጇን ይዤ ከተማውን አቋርጠን ወደ አክስቴ ቤት ወሰድኳት። በሰው እጅ ስትመራ አይቻት አላውቅም ነበር። እርምጃዋ አጠረ፤ ድንጋይ በነካች ቁጥር ክንዴን ጨበጥ ታደርጋለች። ያችን ሩብ ሰዓት የሚያህል መንገድ ስንሄድ፣ ሳንመጣ ብንቀር ኖሮ ዕድሜ ልኳን እንዲህ ነበር የምትሄደው እያልኩ አስብ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያዋ ሽፋኑን ፈታችላት። ዓይኗ አብጧል፣ ቀልቷል። ቀስ ብላ ገለጠችው። እኔ ከፊቷ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ አየች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ከፊቴ ወደ አንገቴ ወረደች፤ እዚያ ቆመች።

“ይኼን ሸሚዝ ነው በሰው አገር ስትለብሰው የኖርክ?” አለችኝ። “አንገትጌው ተበልቶ አልቋል እኮ።”

ባለሙያዋ ሳቀች። እኔም ልስቅ ብዬ ጀመርኩና ሌላ ነገር ሆነብኝ፤ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ካሜራው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ላወጣውም ትዝ አላለኝም።

ለሙላት ደውዬ ነገርኩት። እሱ ገና ህንድ ነበር። ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ፣ “የእኔም እናት ዓይኗ ያለቅሳል። ጢስ ነው ይሉኛል” አለኝ። ተመልሼ እስቴ እስክገባ ብጠብቅ ይረፍዳል ብሎ ለወንድሙ ደውሎ አስወሰዳት። አንደኛው ዓይኗ ጊዜ አልፎበት ጠፍቶ ነበር። አንደኛው ተርፏል፤ በዚያው ዓይኗ የሙላትን ልጆች አይታ አሳድጋለች።

ይህን ሳወራ አንዳንድ ሰዎች ብልህ ልጅ አድርገው ያዩኛል። እናቴም “እግዜር ነው ያስገዛህ” ትላለች፤ በእሷ አልከራከርም። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ዓይኗን ላድን አይደለም የገዛሁት፤ ፎቶዋን ይዤ ልቀር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ በአጋጣሚ ጠየቅኩ፤ መልሱም ሳይረፍድ ደረሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል “ደህና ነሽ?” ብዬ አልዘጋም። ምን እንዳመማት፣ ምን እንደከበዳት ለይቼ እጠይቃለሁ። ይሰለቻታል፣ ግን ትመልስልኛለች።

አሁን እናቴ ከእትዬ ስንዱ ጋር ንፋስ መውጫ ገብታለች። አርጅታለች፤ ጉልበቷ እንደ ቀድሞው አይደለም። ከሰዓት በኋላ አጥሩ በር ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ወንበሯን አስቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች፤ ማን አዲስ ጫማ እንደገዛ፣ የማን ላም እንደከሳች ሳይቀር ትነግረኛለች። በየጊዜው ስሄድ ባጃጁ የሚያወርደኝ ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ነው። ሒሳብ ከፍዬ ዞር ስል፣ ድምፄን ሳላሰማት፣ ማንም ሳይነግራት፣ በትሯን ተደግፋ ተነስታ አያታለሁ።