የቀይ ገደል ጋኔን

በሸዋሮቢት አካባቢ ቀናተኛ ባል ብርቅ አይደለም፤ በሙቀቱ የሚያመካኙም አሉ። ተሻለ ግን በሚስቱ ቀንቶ አያውቅም። አስካለ ሰርግ ቤት ከማን ጋር እንደጨፈረች፣ ገበያ ውላ ለምን እንዳመሸች ጠይቋት አያውቅም። ጎረቤቶቿ «ታድለሽ» ይሏታል። መታደል አልነበረም። ሰውዬው ቅናቱን ሁሉ ሌላ ቦታ ጨርሶት ነው የሚመጣው።

ተሻለ የውሃ ሞተር መካኒክ ነው። በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ ሁሉ ሞተሩ ማስነጠስ ሲጀምር የሚያስጠራው እሱን ነው፤ እሱም ቁልፎቹን በጆንያ ቋጥሮ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና በእግሩ ይሄዳል። የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት፣ ከአስካለ ጋር በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ የመጋቢት ቀን ከማሳ ወደ ማሳ ሲያቋርጥ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ደረሰ። ቦታው ቀይ ገደል ይባላል፤ ወንዙ የቦረቦረው ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ነው። ግድግዳው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ከየቀዳዳው ወፍ ይወጣል፤ ገላው እንደ በርበሬ የቀላ፣ አናቱ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀባ፣ ከጅራቱ መሐል ሁለት ቀጫጭን ላባ ረዝሞ የወጣለት ወፍ። ንብ በል ነው። አንድ ሁለቱን በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተቀምጠው አይቷል፤ እንዲህ መንደር መሥርተው ግን አይቶ አያውቅም። ጆንያውን ጣለና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሚጠብቀው ሰውዬ ሽንኩርት የዚያን ቀን ውሃ ሳይጠጣ ዋለ።

ደስ የሚል ነገር ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ ያወራል። ተሻለም ሊያወራ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን አሰበበት። ለአስካለ ቢነግራት ለእህቷ ትነግራታለች፤ እህቷ የሰማችውን ገበያ ሁሉ ይሰማል። ነገ ጎረምሳው ወንጭፍ ይዞ፣ ንብ አናቢው ችቦ ይዞ ይመጣል። ይህ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ነው፤ ሐሰትም አልነበረም። ከሥሩ የነበረው ግን ሌላ ነው፤ የሱ ብቻ እንዲሆኑ ፈለገ። ዘጠኝ ልጅ ባለበት ቤት ነው ያደገው። ጫማው እንኳ ከሱ በፊት የሌላ ሰው እግር ያወቀ ነበር። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያልቀደመው ነገር አገኘ።

ችግሩ ቀይ ገደል መንገድ ላይ መሆኑ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ወደ ምንጩ የሚወርዱት ገደሉን ታክከው ነበር፤ ጀሪካን ያዘለች ሴት አቀርቅራ ስለምትሄድ ወፍ አታይም እንጂ አንዷ ቀና ያለች ቀን ነገሩ ያበቃለታል። እያንዳንዷ ባለፈች ቁጥር ተሻለ ቀና እንዳትል ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር። በመጨረሻ አንድ ቀትር ላይ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ አንድ እግሩ ባዶውን ሆኖ ሐጅ ሐሚድ ደጅ ደረሰ። ሐጅ ሐሚድ የመስኖው የውሃ አባት ናቸው፤ የውሃ ተራ የሚያደላድሉት፣ በውሃ የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው።

«ቀይ ገደል ሥር አንድ ነገር አየሁ» አላቸው። «ሰው ይመስላል፤ ጥላ ግን የለውም።»

ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። የቀረውን ሰፈሩ ጨረሰለት። በሳምንቱ ፍጡሩ ቀንድ አወጣ፤ በወሩ የአንዲት ሴት ጡት አደረቀ ተባለ። ክርስቲያኑ ጋኔነ ቀትር ነው አለ፣ ሙስሊሙ ጅን ነው አለ፤ አንዱ አማተበ፣ ሌላው ቢስሚላህ አለ፣ በቀይ ገደል የሚያልፍ ግን ጠፋ። ሴቶቹም በላይኛው ዳገት ዞረው መውረድ ጀመሩ። የሃያ ደቂቃው መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ።

አስካለም ከነሱ ጋር ዞረች። ስትመለስ ወገቧን ይዛ ስትቀመጥ ተሻለ ውሃ አሙቆ እግሯን ያጥባት ነበር፤ በዚህም «ባል ማለት እንዲህ ነው» ተባለለት። ወፎቹ በሚፈለፍሉበት በመጋቢትና በሰኔ መካከል አሥር ሰዓት ላይ የት እንደሚጠፋ ግራ ገብቷት ሌላ ሴት ይዟል ብላ የጠረጠረችበት ዘመንም ነበር። በሚካኤል ስም ማለላት፤ በእውነት ነው የማለው። ጋኔኑ ውሸት መሆኑን ግን አንድ ቀን እንኳ አልነገራት። ቧንቧ ሰፈሩ የገባው ከአራት ዓመት ወዲህ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ዞረች ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ሰላማዊት መጣች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ስለ ጋኔኑ የነገራት የለም፤ ቢነግሯትም እሁድ እሁድ ወንዝ ለወንዝ መሄዷን የምትተው ዓይነት አልነበረችም። አንድ ቀን ተሻለ ቀይ ገደል ሲደርስ በገዛ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ዓይኗ ላይ ደቅና አገኛት። ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር ቢያገኛት እንኳ ደሙ እንዲህ አይፈላም ነበር።

«ጋሼ፣ እነዚህን ያውቋቸዋል?» አለችው ፊቷ በርቶ። «አራት መቶ ሰባ ሦስት ጉድጓድ ቆጠርኩ። እስከ ዛሬ ማንም ልብ ያላቸው አይመስለኝም።»

«መንገደኛ ነኝ» አላትና አለፈ።

ማንም ልብ ያላቸው አይመስለኝም አለች። ይህን ቃል እያላመጠ ቤቱ ገባ። ከዚህም የባሰ አለ፤ እሱ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአራት መቶ ስድሳ በላይ ቆጥሮ አያውቅም። አሥራ ሦስቱን ከየት አመጣቻቸው? በማግስቱ ሥራውን ትቶ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆጠረ። አራት መቶ ሰባ ሦስት ናቸው። አሥራ ሦስቱ ከግራር ሥር ተከልለው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዋን ገበያ ውስጥ ሲያያት ራሱ መንገድ ይቀይር ነበር።

በዘንድሮው ግንቦት ደግሞ አሸዋ ጫኞች መጡ። አጣዬም ካራቆሬም በግጭቱ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መልሶ እየሠራ ነው፤ አሸዋ ይፈልጋል፤ አትሥራ የሚለው የለም። ጫኞቹ የመረጡት ቦታ ነው ነገሩን ያበላሸው። ገልባጭ መኪናቸውን ቀይ ገደል ሥር ድረስ አስገብተው ግድግዳውን ከሥሩ እየናዱ መጫን ጀመሩ። የአገሬው ሰው የሚፈራውን ቦታ እነሱ ከሩቅ ስለመጡ አያውቁትም።

ተሻለ ሮጦ ሲደርስ የግድግዳው አንድ ጥግ ወርዷል። ከአንዱ አካፋ ላይ ላባ ያላበቀሉ ሦስት ጫጩቶች ከአፈሩ ጋር ወደ መኪናው ሲወረወሩ አየ።

«እዚህ ቦታ ጋኔን አለ» አላቸው። ሌላ የሚለው አልመጣለትም።

«አካፋ ይዞ ይምጣና ያግዘን» አለው ሾፌሩ። ጫኞቹ ሳቁ።

የዚያን ዕለት ተሻለ በሕይወቱ ከሁሉ የሚከብደውን መንገድ ሄደ፤ ወደ ሰላማዊት ቤት። በር ላይ ቆሞ «ወፎቹን አውቃቸዋለሁ» አላት፣ እንደተሸነፈ ሰው። እሷ አቤቱታ ጻፈች። ቀበሌው፣ ነዋሪው በስብሰባ ከጠየቀ ቦታው ይዘጋል፣ ለጫኞቹም ከታች ሌላ ቦታ ይሰጣቸዋል አለ። ለነዋሪው ፊርማ አምስት ቀን ዞሩ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ብቻ ሰፈረ፤ የሷና የሱ። የሰው ሁሉ መልስ አንድ ነበር፦ «ቀይ ገደል? ይናድ። ተገላገልን።»

ስብሰባው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደረገ። ሰላማዊት ተነሥታ ተናገረች። ከየት እንደሚመጡ፣ ጉድጓዳቸውን ስንት ክንድ እንደሚቆፍሩ፣ ጫጩቶቹ ለመብረር ሦስት ሳምንት እንደሚቀራቸው ዘረዘረች። ግሩም ተናገረች፤ ተሻለን ያንገበገበውም እሱ ነው። ወፎቹን በሱ ፊት የራሷ አድርጋ ለሰው ታስተዋውቃለች።

ስትጨርስ ሐጅ ሐሚድ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ ንግግርሽ መልካም ነው። የዚያን ቦታ ጉድ ግን አታውቂም። መኪናው ይዞት ይሂድ ነው የምንለው። በዓይኑ ያየው ሰው ይኸው አጠገብሽ ተቀምጧል። ተሻለ፣ ንገራት እንጂ።»

የተሰበሰበው ሁሉ ዞረ። ተሻለ ከሴቶቹ መሐል የተቀመጠችውን አስካለን አየ። ዓይኑ እግሯ ላይ ወደቀ። ዝም ቢል ገደሉ ይሄዳል፤ ቢናገር ደግሞ የሚሰማው ሰፈሩ ብቻ አይደለም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤ እሱ ሃያ አንድ ዓመት ሲጫወት ኖሮ አሁን ነው የገባው።

«ጋኔን የለም» አለ። «ኖሮም አያውቅም። ያን ቀን አንድ ጫማዬን ቄጠማ ውስጥ የደበቅኩት ራሴ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ?» አሉት ሐጅ ሐሚድ።

«ወፎቹን ሌላ ሰው እንዳያይብኝ ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ማንም ስላልተከተለው ወዲያው ተወው። ተሻለ ከቆመ ላይቀር የቀረውንም ተናገረ። ወንዙ ሲሞላ የሚመታው ያን ግድግዳ ነው፤ ውሃውን ከማሳው የሚመልሰውም ግድግዳው ነው። ዘንድሮ ከተናደ በነሐሴ ጎርፉ የሚገባው የመስኖው ቦይ አፍ ላይ ነው። ከሱ በቀር ይህን ያየ የለም፤ ሌላው ሰው እንዳይደርስ የከለከለው ራሱ ነውና።

ሐጅ ሐሚድ ወደ ተሻለ ዞሩ። «እንግዲህ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ ቢስሚላህ ስታሰኘኝ ኖረሃል» አሉ። «ቢስሚላህ በከንቱ አይሄድም፣ ግድ የለም። የቦዩ ነገር ግን እውነት ነው።»

ያን ጊዜ አስካለ ተነሣች። 

«ሃያ ሊትር ነበር» አለች። «ጀሪካኑ።»

«አውቃለሁ» አለ ተሻለ።

«አታውቅም» አለችና ተቀመጠች።

ይዘጋ የሚል እጁን ያውጣ ሲባል ቀድማ ያወጣችው እሷ ነበረች። ከሷ በኋላ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ በኋላ ገበሬዎቹ አወጡ። ሰላማዊት ቃለ ጉባኤ ያዘች፤ ጫኞቹ በሳምንቱ ወደ ታች ወረዱ። የውሃ ተራ ሲያደላድሉ የኖሩት ሐጅ ሐሚድ የገደሉን ጥበቃም እንደ ውሃ በተራ አከፋፈሉት። ለተሻለ ረቡዕ ደረሰው። አስካለ ሐሙስን ጠየቀች፤ ለብቻዋ።

ቤት ውስጥ ራቱን ታቀርብለታለች፣ ደህና እደር ትለዋለች፤ ሌላ ቃል ግን የለም። ተሻለ ይህን ቻለው። ያልቻለው ሌሎቹን ስድስት ቀኖች ነው። ማክሰኞ እነማን እንዳዩአቸው፣ ዓርብ ማን ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ እያሰበ የሞተር ብሎን አጥብቆ ይሰብራል። ቅናት በቃለ ጉባኤ አይለቅም።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ እግሩ ራሱ ወሰደው። የቁልፍ ጆንያውን ተሸክሞ በአቋራጩ ወረደ። አስካለ በሱ ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። የእግሩን ኮቴ ስለምታውቀው አልዞረችም።

«ወዴት ነው?»

«ከምንጩ ማዶ የሐጅ ሐሚድ ሞተር ቆሟል። ላቋርጥ ብዬ ነው።»

«በዚህ አይታለፍም» አለች። «ጋኔን አለ። በላይኛው ዙር።»

ፈገግ ትል እንደሆነ ጠበቀ። አላለችም። አንዱ ንብ በል ንቡን እንደነከሰ መጥቶ ከሷ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፤ ተሻለን በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አንዱም እንዲህ ቀርቦት አያውቅም። ወፉ ንቡን ከቅርንጫፉ ጋር ሲያጋጨው አስካለ ቀስ ብላ ሳቀች። ይህን ሳቋን ሰምቶት ስንት ዓመት እንደሆነው ሊያስታውስ ሞከረ። ቅናት ያዘው፤ በሷ ይሁን በወፉ ግን መለየት አቃተው።

ተመለሰና ላይኛውን ዳገት ያዘ። አንድም ቀን ሄዶበት አያውቅም። ጠጠሩ ከእግር ሥር ይከዳል፣ ጥላ የሚባል የለም። ከመጀመሪያው ዳገት አናት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘ፤ ላዩ የጀሪካን ቂጥ ፍቆት ለስልሷል። ጆንያውን እሱ ላይ አሳረፈና ትንፋሹን ሰበሰበ። ጆንያው ሃያ ሊትር ውሃ አያህልም ነበር። ወደ ፊት ሲያይ ገና ሁለት ዳገት ይቀረዋል።