ጋሼ ሴቲንግ አይነኩም

የማሽኑን አላርም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ደብቄው ኖሬያለሁ።

ላስ ቬጋስ፣ አርትስ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከወጣቶቹ ከዳዊትና ከሄለን ጋር የተከራየናት ጠባብ ወርክሾፕ አለችን። በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን አስገብተንባታል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት መቀመጥ ስለከበደኝ አብዛኛውን ቀን እዚያ ነው የምውለው።

የማሽኑ ክንድ ከልኩ ሊያልፍ ሲል ዳር ላይ ያለችን ትንሽ ስዊች ይጫናል፤ ያኔ አላርም ጮሆ ባለበት ይቆማል። ታዲያ የቬጋስ አየር ደረቅ አይደል? የእንጨት ብናኙን የሚስበው የቫኪዩም ቱቦ ኤሌክትሪክ ይቋጥርና ክንዱ ገና መሀል ላይ እያለ በከንቱ ይጮሃል። አንድ ቀን የጀመርኩትን መስቀል ደጋግሞ አበላሸብኝ። ንድድ ብሎኝ «ውሸታም!» አልኩና ሴቲንጉን ከፍቼ አጠፋሁት። ለማንም አልተነፈስኩም።

ቅዳሜ ዕለት ሄለን ኤርፖርት ዊልቸር ስትገፋ አድራ ከሺፍቷ በቀጥታ መጣች። የስም ሰሌዳ ትዕዛዝ መቀበል ጀምራለች... ሥራው ከያዘላት ዊልቸሩን ልትተው ነው። እንጨቱን ትንሽ አሳስታ አሰረችው። ክንዱ ዳር ደረሰ... አልቆመም! ከማሽኑ ዳር ብረት ጋር ተላተመ፤ የመቁረጫው ጫፍ ተሰብሮ ተፈናጠረና ከዓይኗ ሥር ጨረፋት።

ዳዊት ሮጦ መጣ። ስክሪኑን አየና ጮኸባት።

«አላርሙን አጥፍተሽዋል! ለመፍጠን ብለሽ!»

«እኔ አልነካሁም!»

«ታዲያ ማን ነካው? ሰይጣን? ጋሼ እንደሆኑ ስልካቸው ሲዘጋባቸው እንኳን እኛን ነው የሚጠሩት። ጋሼ ሴቲንግ አይነኩም! በይ የወርክሾፑን ቁልፍ አምጪ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትሠሪም።»

ቁልፉን ሰጠችው።

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ በዳዊት የተናደድኩ መስሎኝ ነበር... ወደ ውስጤ ሳይ ግን ንዴቱ በራሴ ነው። ጠዋት «አቤቱ ማረኝ» ያለው አፌ አሁን ተለጉሞ ይቀመጣል?

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ።

ዳዊት ሳቀ! «ጋሼ ደግሞ... አዝነውላት ነው አይደል? የአባት ነገር!»

«እኔ ነኝ እያልኩህ እኮ ነው!»

«እሺ፣ እሺ፣ ይሁን። እርስዎ ቁጭ ይበሉ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

ይባስ ብላ ሄለን፣ ናፕኪን ጉንጯ ላይ እንደያዘች፣ «ጋሼ፣ በኔ የተነሳ አይዋሹ፤ ኃጢአት ይሆንብዎታል» አለችኝ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሽበቴ ጠበቃ ሆኖ ቆመልኝ! ዝም ስል አመኑኝ፣ እውነቱን ስናገር እምቢ አሉኝ።

ወንበሩን ገፍቼ ኮምፒውተሩ ጋ ሄድኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። ነካ... ነካ... ሴቲንጉ ተከፈተ። ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል። የዳዊት ሳቅ ከፊቱ ላይ ረገፈ።

«ጋሼ...» አለ።

«ጋሼን ተወውና ና እይ!» አልኩት።

አላርሙ ጋ ያኔ የጻፍኩት ዜሮ ተቀምጧል። ዜሮውን ሰርዤ አንድ ጻፍኩበት፤ አላርሙ ተመልሶ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወደ ሄለን ዞሬ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኳትና ቁልፏን ከዳዊት እጅ ወስጄ መለስኩላት።

የኔን ደግሞ ከኪሴ አውጥቼ ለዳዊት ሰጠሁት።