ቢላዬን አስረክቤ የወጣሁት ገደል

ክረምቱ በጥቅምትም አልወጣ ብሎ ያስቸገረበት ዓመት ነበር። ከኮልፌ ተነስተን ሙገር ሸለቆ ሰስ ፍለጋ የወረድነው እኔና ጎረቤቴ ሸምሱ ነን። እሱ ጉልበቱን ያመዋል። የኔ ጉልበት ደህና ነው፤ እኔን የሚያመኝ ከፍ ብሎ፣ ጭንቅላቴ ላይ ነው።

እናንተ ልጆች ሰስን አታውቁትም። ከፍየል የሚያንስ፣ በሰኮናው ጫፍ ገደል ላይ የሚዘል አውሬ ነው። ሸምሱ ተኮሰ። ጠብታ ደም አየን፤ ዱካው ግን ወደ ነጩ የኖራ ድንጋይ ተራራ ጫፍ ወጣ። ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ከሁለታችን ያረደው ሥጋ ይበላል፣ ሌላው ሽሮውን ይበላል። ሳይታረድ ከሞተ ደግሞ በክት ነው፣ ለሁለታችንም አይሆንም።

«አንተ ቀድመህ ውጣና ያዝልኝ፣ እኔ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ» አለ። «ቢላህን ግን እዚህ ተወው።»

«አታምነኝም?»

«አንተንማ አምናለሁ። ሆድህን ነው የማላምነው።»

ቢላዬንም ጠመንጃዬንም አስረክቤ ወጣሁ። የኖራ ድንጋይ ሲደርቅ ምላጭ ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና። ጫፉ ልደርስ ስል የረገጥኩት ጠርዝ ከሥሬ ተገምሶ ወረደ። ታች ደርሶ እስኪጮህ ቆየ። በደረቴ ተስቤ ወጣሁ፤ መመለሻዬ ግን አብሮ ሄዷል።

ሰሱ እዚያው ተኝቷል። ጥይቱ የበሳው ጆሮውን ብቻ ነው። ተያየን። ጉም መጥቶ ሸለቆውን ዋጠው። «ሸምሱ» ብዬ ስጣራ ገደሉ «ምሱ» አለኝ። በዓለም ላይ የት እንዳለሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ጉልበት የለውም። የማዋራው ባጣ ለሰሱ «ተኳሹ እኮ እሱ ነው» አልኩት። አላመነኝም መሰል፣ ተነስቶ በወዲያኛው ጎን ወረደ።

ተጠግቼ ሳይ ውሃ የቦረቦረው ስንጥቅ አለ። ሰኮናው የጫረውን እየረገጥኩ፣ የቀረውን በቂጤ ተንሸራተትኩ። የሱሪዬ መቀመጫ እስከዛሬ እዚያ ነው። ከጉሙ ውስጥ በተዘጋ ጉሮሮ ስሜን የሚጠራ ሰማሁ። ለካ እኔ ስጣራ እሱም ሲጣራ ኖሯል፣ ገደሉ እያቀላቀለብን።

ድምፁን ተከትዬ ደረስኩበት። «ሰሱስ?» አለኝ።

«ሄደ።»

«አላረድከውም?»

«በጥርሴ?»

ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገና በጉሙ አሳበበ።

የተማርኩት ይህንን ነው፦ ታች ሆኖ ስማችሁን የሚጠራ ሰው ሳይኖራችሁ ተራራ አትውጡ። ሸምሱን ዘንድሮ ቀበርነው። ልጆቼ በስልክ «አባዬ፣ የት ነህ?» ይሉኛል። «ቤቴል፣ ታክሲ እየጠበቅኩ» እላለሁ። «እሺ» ብለው ይዘጋሉ። ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጠራኝ ግን የለም።