ገና ባልወጣ ላንድክሩዘር ከመርጡለ ማርያም እስከ ማርቆስ

እኔና ባለቤቴ አንዳርጌ አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ነጭ ሽንኩርት መላጥ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን እንልጥ ነበር። እኔ ሦስት ራስ ስጨርስ እሱ ገና አንድ ነው፤ በየመካከሉ ስልኩን እያነሣ ያያል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሹፌር የላከለት ፎቶ ነው። ቀጥሎ የሚወጣው ላንድክሩዘር ይህን ይመስላል እየተባለ በየስልኩ የሚዞር፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ምስል።

«ይሄ ውሸት ነው» አለኝ። «መብራቱን እንዲህ አቅጥነው አይቀጥሉም። ወደ ክቡ ይመለሳሉ።»

«ይመለሱ።»

«ምን አገባኝ ማለትሽ ነው?»

«ሽንኩርቱን ላጥ ማለቴ ነው።»

ሳቀና ቢላዋውን አነሣ። ማክሰኞ ታመመ፤ ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው። ነሐሴ ነበር።

ይህ ማስታወሻ በጥቅምት ወር ከደብረ ማርቆስ እስከ መርጡለ ማርያም ደርሼ የተመለስኩበት የሁለት ቀን መንገድ ነው። የሄድኩት የባለቤቴን መኪና ልሸጥ ወይም ላልሸጥ ነው። የትኛውን እንደሆነ ስነሣም አላውቅም ነበር።

አንዳርጌ ዕድሜውን በሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በስተርጅናው አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛ። ለሰርግ ያከራየው፣ ከገጠር ሕመምተኛ ያመጣበት ነበር። ግንቦት ላይ ወደ መርጡለ ማርያም ወስዶ፣ ሙሉነህ ለሚባል የድሮ የሥራ ጓደኛው ጋራዥ አስገባውና በሚኒባስ ተመለሰ። «ትንሽ ይነካካልኛል» አለኝ። ሞተሩን መስሎኝ አልጠየቅሁም። ከነሐሴ በኋላ ደግሞ የምጠይቀው ሰው አልነበረም።

የአንዳርጌ ታናሽ ወንድም ጥላሁን ማርቆስ ውስጥ መለዋወጫ ይሸጣል። «እታለም፣ አዲሱ ሞዴል ሊወጣ ነው» አለኝ። «የወጣ ዕለት የአሮጌው ዋጋ ይወድቃል። ሳይወጣ ሽጪው።» በማግስቱ ሱቁ ደጃፍ ያገኘሁት ደንበኛው ደግሞ ወደ ጎን ጠራኝና፣ «አይስሙት፤ አዲሱ ሁሉ ነገሩ በኮምፒዩተር ነው። እዚህ አገር የሚጠግነው ስለማይገኝ አሮጌው ነው የሚወደደው» አለኝ። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ማንም የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም ይናገራል። ጥላሁን ግን አልተወኝም። መርጡለ ማርያም ላይ የሰርግ መኪና የሚያከራይ አቶ ደሴ የሚባል ገዥ አገኘልኝ። ሄጄ ቁልፉን ላስረክብ ወይም ይዤው ልመለስ፣ ውሳኔው የእኔ ሆነ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ መናኸሪያ ደረስኩ። እስከ ጉንደ ወይን አምስት መቶ ብር ከፈልኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ጥቁር መልበሴን ያየው ሹፌር ጋቢና አስቀመጠኝ፤ ከጎኔ የደብረ ወርቅ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተቀመጡ።

«ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?»

«ባለቤቴ።»

«ነፍስ ይማር። አሁን ወዴት ነሽ?»

«የእሱን መኪና ለማየት ነው አባ። ልሸጠው ይሆናል። አዲሱ ሳይወጣ ሽጪ የሚለኝም አለ፣ አትሽጪ የሚለኝም አለ።»

«የቱ አዲሱ?»

«ገና የሚወጣው ላንድክሩዘር።»

ይህን ባልናገር ይሻል ነበር። ሹፌሩ ከአፌ ተቀብሎ፣ «የሚወጣው ባለ ባትሪ ነው፤ ናፍጣ የሚባል አይቀምስም» አለ። ከኋላው የተቀመጠው ሰው፣ «ሂድ ወዲያ፣ ባትሪውን አባይ በረሃ ውስጥ በምን ትሞላዋለህ? ናፍጣውን አይተዉም። ቁመቱን ነው የሚጨምሩት» አለው። አንዲት አዲስ አበባ፣ በቅሎ ቤት እነግዳለሁ ያለች ሴት ትርፍ ጎማውን ከኋላ በሩ አውርደው ከሥር እንደሚያደርጉት ከታማኝ ሰው ሰምቻለሁ አለች። ሉማሜን አልፈን ደጀን እስክንደርስ ክርክሩ አላባራም። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን፤ ተመልሰን ስንገባ ካቆሙበት ቀጠሉ።

መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና፣ «ያልተወለደ ልጅ አፍንጫ ወደ ማን እንደሚሄድ ነው እኮ የምትጣሉት» አሉ። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ መሳቄን ታዘብኩ።

ከደጀን ወደ ግራ ታጥፈን ስንወጣ ጤፉ አረንጓዴውን ሊለቅ ጀምሮ ነበር። ጮቄ በስተግራ ደመና ለብሷል። በዚህ መንገድ ከአንዳርጌ ጋር ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ባላውቅም፣ መንገዱን ያን ጊዜ አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል። የማየው እሱን ነበር። ቢቸና ለምሳ ቆምን። ጾም ስለሆነ ሽሮ በላሁ፣ መቶ ሠላሳ ብር። ግማሹ ተረፈኝ።

ደብረ ወርቅ ሲደርሱ መሪጌታው መቋሚያቸውን እየፈለጉ፣ «ለመሆኑ መኪናውን አንቺ አይተሽዋል?» አሉኝ።

«ከግንቦት ወዲህ አላየሁትም።»

«ታዲያ እኛን ምን ትጠይቂናለሽ» አሉና ወረዱ።

መርጡለ ማርያም

ከጉንደ ወይን በሌላ ሚኒባስ በአቧራ መጣሁ። የሙሉነህ ጋራዥ የባሕር ዛፍ አጥር ያለው ሰፊ ግቢ ነው። ሙሉነህ ዘይት በነካ እጁ ላለመጨበጥ ክንዱን ዘረጋልኝ። ለቀብሩ መንገድ ተዘግቶበት ስላልደረሰ ተቀምጠን ትንሽ አለቀስን። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

ሸራውን ሲገፈው የሌላ ሰው መኪና ያሳየኝ መሰለኝ። ኋላው የእኛ ነው። ፊቱ የማንም አይደለም። ሁለት ትልልቅ ክብ መብራቶች አሉት፤ በመካከላቸው ከላሜራ የተቆረጠ ሰፊ ፍርግርግ። የሞተሩ ክዳን መሐሉ ላይ ጎድጎድ ብሏል። ስሙ የሚለጠፍበት ቦታ ባዶ ነው። ቀለም አልተቀባም፤ ከቀለም በፊት የሚለቀለቀው ስቱኮ በየቦታው ነጭና ግራጫ ሆኖ ቆዳው የተላጠ እንስሳ አስመስሎታል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«የሚቀጥለው ነዋ እትዬ። ጋሼ አንዳርጌ አልነገሩዎትም እንዴ?»

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ብዙ ሰው አሮጌውን ላንድክሩዘር መብራትና ፍርግርግ እያስቀየረ አዲሱን ያስመስለዋል። አንዳርጌ ግን፣ «አሁን ያለውን ባስመስለው ከዓመት በኋላ መልሶ አሮጌ ነው። የሚመጣውን እንሥራና እነሱ ይድረሱብን» አለው። ደብተር ላይ ሣለለት። ሙሉነህ ደብተሩን አመጣልኝ፤ የባለቤቴ እጅ ነው። አጠገቡ ምክንያቱን ሁሉ ጽፏል። ሰው በቀጭን መብራት ተሰላችቷል። ድሮ የተወደደ ነገር ተመልሶ ይመጣል።

«ይሄ መርገጫስ?» አልኩ። ከበሩ ሥር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ያለ ሰፊ መርገጫ ተበይዷል።

«ይሄማ ያጣላን ነው! ላንድክሩዘር ዝቅ ያለ መርገጫ ካለው ድንጋይ ይገጨዋል አልኳቸው። ‹ግድ የለህም ይጨምሩታል› አሉኝ። ‹የሚነድፉት ሰዎች እኮ ያረጃሉ። ሚስቶቻቸውንም ጉልበት ያማቸዋል› አሉኝ።»

በሩን ከፈተልኝ። ከውስጥ፣ እኔ ከምቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት፣ በቆዳ የተጠቀለለ የእጅ መያዣ ተሠርቷል። ግራ ጉልበቴ አስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወድቄ ከተጎዳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኮረኮንች ላይ የምይዘው ባጣሁ ቁጥር የአንዳርጌን ትከሻ እይዝ ነበር፤ እሱም «ልትገለብጪን ነው» ይለኝ ነበር። ታዲያ ሥራው ሁሉ ከእኔ እሮሮ የመጣ ነው ብዬ ልደመድም ስል ክብ መብራቱን አየሁ። ስለ መብራት ተናግሬ አላውቅም። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ክዳን ያለው ጠባብ ሣጥን አለ፤ ለምን እንደሆነ ሙሉነህም አልተነገረውም። አንዳርጌ የፋብሪካውን ሐሳብ ይገምት ነበር ወይስ የእኔን? ደብተሩን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። አይናገርም።

ሳይመሽ አቶ ደሴ መጣ። ኮት የደረበ፣ ጨዋ ሰው ነው። ነፍስ ይማር ብሎ መኪናውን ዞረው።

«ሞተሩ ደህና ነው። ግን እመቤቴ፣ ሙሽራ በዚህ ትጫናለች? ሰዉ ምን ሞዴል ነው ሲለኝ ምን ልበል?»

«የሚመጣው ነው በላቸው» አለ ሙሉነህ።

«አንተ ዝም በል፣ አንተ ነህ ያበላሸኸው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «የድሮውን ፊት ይመልስበት። መርገጫውንም ይቁረጠው። በተነጋገርነው ዋጋ እወስደዋለሁ። ጠዋት ይንገሩኝ።»

ሙሉነህ የድሮውን መብራትና ፍርግርግ አስቀምጦታል፤ ለመመለስ ሁለት ቀን ይበቃኛል አለኝ። የሚከፋው መስሎኝ ነበር፣ አልከፋውም። «መኪናው የእርስዎ ነው እትዬ። ብረት ተቆርጦ ይቀጠላል» አለ። እራት አብረን በላን፤ ባለቤቱ እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበችልኝ።

ሐሙስ

ጠዋት አቶ ደሴ ሲመጣ አፌ ላይ የነበረው «እሺ» ነው። ያልኩት ግን፣ «አዲሱ እስኪወጣ ፊቱ ሳይነካ ይቆያል ካሉ ይውሰዱት» ነው።

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«አላውቅም።»

«ካልመሰለውስ?»

«ያን ጊዜ እንደፈለጉ ያድርጉት።»

አቶ ደሴ ሙሉነህን አየው፣ ሙሉነህ መሬቱን አየ። «እግዜር ያጽናዎት» አለኝና ሄደ። ትክክል ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር።

ሙሉነህ እስከ ማርቆስ ሊያደርሰኝ መሪውን ያዘ። መርገጫውን ረግጬ ወጣሁ። ጉልበቴን አላመመኝም። በጠጠሩ መንገድ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ገጨውና ሙሉነህ በየጊዜው፣ «ብያቸው ነበር» አለ።

ቢቸና ላይ ጎማ ፈነዳብን። ጎሚስታው ሁለት ሰዓት ያህል አቆየን። እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

«ወጣ እንዴ?» አለ አንዱ።

«አልወጣም፤ ለሙከራ ነው የመጣው» አለ ሌላው። «ከፍታ ላይ ይሞክሩታል። እንዳይታወቅ ብለው ነው እንዲህ ያዥጎረጎሩት።»

«ስሙንም ደብቀውታል።»

«ክብ መብራት! አላልኩህም?»

አንዱ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ማዘር፣ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» አለኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኩት። «አይናገሩም፣ ተከልክለው ነው» አላቸው ለጓደኞቹ። ከሙሉነህ ጋር ተያየን። ስቱኮ ነው፣ የሞተው ባለቤቴ ግምት ነው ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። መርገጫውን እየነኩ፣ እየለኩ፣ «እዩት እስቲ፣ ለአሮጊት አስበዋል» ሲሉ ሰማሁና ተውኩት። ፎቶ አነሡ፤ ኔትወርክ ስላልነበረ ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባበሉት። ወደ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ከእኛ ቀድሞ ተነሣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሬ ደረስን። ከፊታችን ድንጋይ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ስለነበረ ሙሉነህ በሌላ መንገድ ዞሮ ሊመጣ፣ እኔ በሩን ልከፍት ወረድኩ። ጥላሁን ደጃፌ ላይ ይጠብቀኛል።

«ሸጥሽው?»

«አልሸጥሁትም።»

ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጫነ። «በቃ አለቀልን። አዲሱ ዛሬ ቢቸና ታይቷል። ነጋዴው ሁሉ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አሮጌ ላንድክሩዘር አልገዛም እያለ ነው።» ስልኩን ሰጠኝ። ብዥ ያለ ፎቶ ነው፤ ከመስተዋቱ ጀርባ ጥቁር የለበሰች ሴት ትታያለች።

«ይቺ ማናት?» አልኩት።

«የፋብሪካው ሰው ትሆናለች።»

ሙሉነህ ከማዕዘኑ ብቅ አለና መብራቱን አብርቶ መጣ። ጥላሁን ስልኩን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። ቀርቦ ፍርግርጉን በጣቱ ዳሰሰው፤ ስቱኮው ጣቱ ላይ ቀረ።

«ወንድሜ ነው?»

«እሱ ገምቶ፣ ሙሉነህ ሠርቶ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከጉዞ የተመለሰ ሰው ያወቀውን ይጽፋል። እኔ ያወቅሁት ትንሽ ነው። መንገዱ ከማርቆስ እስከ ጉንደ ወይን ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያንገላታል። አዲሱ ሞዴል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በመንገዱ ሁሉ አላገኘሁም። አንዳርጌም አያውቅም ነበር። ጥላሁን ሽጪ ማለቱን ትቷል፤ አትሽጪም አይለኝም። ማን እንደሚነዳው፣ ለምን እንዳስቀረሁት፣ ሣጥኑ ምን ሊገባበት እንደተሠራ ዛሬም አላውቅም።

መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። በየጠዋቱ መርገጫውን ረግጬ እወጣለሁ፣ ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩን አስነሣለሁ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አጠፋዋለሁ።