ገጽ ሠላሳ አራት ላይ የጠፋው ማይነስ

ካሰች ጊንጪ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ማስተርሷን የጀመረችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ክረምት ክረምት አምቦ ትቀመጣለች፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመላለሳለች። ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እንቅልፍ ይወስዳታል።

የመመረቂያ ርዕሷን የመረጠላት አማካሪዋ ዶክተር ሚልኪያስ ነው። ኒኬል ያለባቸው አንዳንድ ቁሶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋሉ። ይህ የሚሆነው ኤሌክትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ ነው። ጥንዱ ምን መልክ አለው የሚለው ነው ጥያቄው። በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ነው? ወይስ እንደ አራት የአበባ ቅጠል ሆኖ፣ ከአንዱ ቅጠል ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ፕላሱ ማይነስ ይሆናል? ተመራማሪዎች አልተስማሙበትም። ካሰች ሁለት ዓመት አስልታ "አራት ቅጠል ነው" ብላ ጻፈች።

ጥናቷን ፈታኞች ፊት ቆማ ለምታቀርብበት ዲፌንስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት የተማሪዎቿን ፈተና አርማ ጨረሰችና ስሌቷን እንደገና አየችው። ገጽ ሠላሳ አራት ላይ አንድ ማይነስ ጎድሏል። ሦስት ቀን ደግማ ሠራችው። ማይነሱ ሲገባ ሁለቱ መልኮች እኩል ወጡ።

ቅዳሜ ለሚልኪያስ አሳየችው። ወረቀቱን መለሰላትና፣ "ፈታኞቹ እዚያ ድረስ አይሄዱም፤ ይተዉት መምህርት" አላት።

"አየሁት እኮ ዶክተር። ካየሁት በኋላ ምን ብዬ ፊታቸው ልቁም?"

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "እንግዲያው መደምደሚያውን ይቀይሩ።"

በዲፌንሱ ቀን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፣ ዶክተር አሻግሬ፣ "ታዲያ የትኛው ነው?" ብለው ጠየቋት።

"በእኔ ስሌት አይለይም።"

"ሁለት ዓመት ሠርተው?"

"አዎ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ።"

"ጥሩ" የሚል ውጤት ሰጧት። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ደግሞ ከዚያ በላይ ውጤት ይጠየቃል፤ ልትወዳደር ያሰበችው በዚያው ቀረ።

ልጇ ሃዊ ጊንጪ መናኸሪያ ጠበቀቻት። "አካም፣ እማዬ፣ አለፍሽ?"

"አልፌያለሁ።"

"ፊትሽ ግን..."

"ደክሞኝ ነው ልጄ። ቦርሳውን ያዢልኝ።"

ሚልኪያስ አሁንም በዚያው ጥያቄ ላይ አዲስ ጥናት ሲወጣ በቴሌግራም ይልክላታል። ኔትወርኩ ደህና ሲሆን ታወርደውና መደምደሚያውን ብቻ ታነባለች። አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። ከዚያ ስልኳን አስቀምጣ ልታስተምር ወደ ክፍሏ ትገባለች።