ከድምሩ የተገኙት ወጌሻ

ይህ ነገር ሊነገር የሚገባው ስለመሆኑ እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልታሰረም። ግን ሰንጠረዥ በሠራሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የኮምፒውተር ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ነገሩ የጀመረው በዚህ ዓመት ታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት አካባቢያችን ሲታመስ ነው። መምህራችን የሰፈራችንን ሰዎች ጠይቀን፣ ስም ሳንጽፍ ሰንጠረዥ እንድንሠራ አዘዙን። እኔ መምህሩን ደስ የሚያሰኝ መስሎኝ ‹‹ሁከቱ ሥራዎን እንዴት ነካው?›› የሚል ጥያቄ መረጥኩ።

የገፈርሳው ጎረቤታችን ኦቦ ዲንቃ ወጌሻ ናቸው። ‹‹ሥራ በዛብኝ፤ ከሰልፍ የመጡ አሥራ አንድ ልጆች አሽቼ አስሬአለሁ›› አሉኝ። ልጆቹ በፖሊስ እየተፈለጉ ነበር። ስለዚህ የእሳቸውን መስመር ጨርሼ አጠፋሁት። ከታች ያለውን የቁስለኞች ድምር ግን ሳልነካ ተውኩት፤ ድምር የሌለው ሰንጠረዥ ያላለቀ ይመስላል።

ሥራዬ ተመርጦ የክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሁለተኛው ቀን የክፍሌ ተማሪ፣ የቡራዩው ልጅ ገመቹ ወደ ጎን ጎተተኝ።

‹‹አንተ፣ ኦቦ ዲንቃን አሳጣሃቸው እኮ።››

‹‹ስማቸው የታለ?››

‹‹ነርሷ ሦስት ቁስለኛ፣ ፋርማሲው ሁለት። ድምሩ አሥራ ስድስት። የቀሩትን አሥራ አንድ ቁስለኞች ማን አከማቸው? ገፈርሳ ውስጥ ስብራት የሚያይ ሌላ ሰው አለ? የኔን ክንድ ማን ጠገነው?››

ወረቀቱን ነቀልኩት። መምህሩ ሲሰሙ አልተቆጡም። ‹‹መስመሩን አጥፍተህ ድምሩን ከተውክ ምንም አልደበቅክም። ይህ መልስ የስንት ሰው ሊሆን ይችላል ብለህ ቁጠር። አንድ ከሆነ ስሙን ጽፈኸዋል›› አሉኝ።

በዚያው ቀን በሚኒባስ ገፈርሳ ሄድኩ። ‹‹አካም ጂርቱ፣ ኦቦ›› ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

‹‹ስንት ሰው አየው?››

‹‹አላውቅም።››

‹‹ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ መታሰሩን አልፈራም። ስማቸውን ንገረን ቢሉኝስ? አሥራ አንዱንም በስም አውቃቸዋለሁ።››

በማግስቱ ሱሉልታ ወዳለችው ልጃቸው ቤት ሄዱ። ማንም ፈልጓቸው አልመጣም። እሳቸው በሌሉበት ወራት ግን እጁ የተሰበረ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሰበታ ድረስ ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ።

ዛሬ ሰንጠረዥ ስሠራ መጀመሪያ የማየው ድምሩን ነው። ኦቦ ዲንቃን ሲመለሱ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ፤ ሳቁና ትከሻዬን መቱኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ወደ ቤታቸው የተመለሱት ከወራት በኋላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።